ቢበላሽ የማያስለቅስ ኮምፒውተር

ልጅዎ ፕሮግራሚንግ እንዲማር ይፈልጋሉ? ውድ ላፕቶፕ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያንብቡ።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ታላቅ እህቴ እያለቀሰች ደወለችልኝ። “ሞተብኝ!” ስትል ልቤ ቀጥ አለ። የሞተው ላፕቶፗ ነበር።

እህቴ የሒሳብ ባለሙያ ናት። ጊዜው ሐምሌ ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ የሒሳብ ሰው ሁሉ እንቅልፍ የሚያጣበት። የ12 ዓመት ልጇ ትምህርት ተዘግቶ ቤት ትውላለች። ዩቲዩብ ላይ አንድ ወጣት አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲጭን አየችና እናቷ ምሳ እስክታቀርብ እሷም ሞከረችው። ማሽኑ የሚጠይቃትን ሁሉ ሳታነብ “እሺ፣ እሺ፣ እሺ” እያለች ተጫነች። ከእነዚያ ጥያቄዎች አንዱ “ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ?” የሚል ነበር።

አንድ ጎበዝ ባለሙያ አራት ቀን ታግሎ ከፋይሎቹ አብዛኞቹን መለሰልን። የቤቱ ፍርድ ግን ከዚያ በፊት ተሰጥቶ ነበር፦ “ከዛሬ ጀምሮ ኮምፒውተር የሚባል ነገር እንዳትነኪ!”

በእህቴ አልፈርድባትም። ላፕቶፑ የእንጀራዋ መሣሪያ ነው፤ የመሥሪያ ቤቷ አደራም አለበት። በልጅቷ ላይ ለመፍረድ ግን አንደበቴ አልታዘዘልኝም። ከጥቂት ወራት በፊት “ኮዲንግ ትማር” ብለን ገንዘብ አዋጥተን ሥልጠና ያስገባናት እኛው ነን። እንድትማር ከፈልን፤ ስትሞክር ቀጣናት። ነገሩ ሲከነክነኝ ከረመና ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት ሆነኝ።

ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

እኔና እህቴ ያደግነው ቴሌቪዥኑ ዳንቴል በሚለብስበት ቤት ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የቡፌው ብርጭቆ ለእንግዳ ነው፣ ሶፋው ጨርቅ ይለብሳል፣ የቴፑን ቁልፍ ከአባታችን በቀር የሚነካ የለም። አባታችን ኮምፒውተር የገዛ ጊዜ እናታችን ለሞኒተሩ አንድ፣ ለሲፒዩው አንድ፣ ለኪቦርዱም አንድ፣ ሦስት ዳንቴል በልካቸው ሠራችላቸው። ልብስ የለበሰ ዕቃ ደግሞ አይነካም።

ትምህርት ቤትም ከቤት የተለየ አልነበረም። ኮምፒውተር ክፍል ስንገባ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ አንዱን ኮምፒውተር ለአራት ከበን፣ መምህሩ “አትንኩ” እያሉን እናይ ነበር። ደብተራችን ላይ ግን ሲፒዩ ምን ማለት እንደሆነ፣ ራምና ሮም በምን እንደሚለያዩ በቆንጆ እጅ ጽሑፍ ገልብጠናል። ፈተናውን ደፍኜ ነው ያለፍኩት። ኮምፒውተሩን ግን ዩኒቨርሲቲ እስክገባ እንደ ሰው ዕቃ በሩቁ አየው ነበር።

ዛሬ በማርኬቲንግ ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ እውላለሁ። ሆኖም ስክሪኑ ላይ ያልጠበቅሁት መልእክት ብቅ ሲል እጄ ከማውሱ ላይ ይሸሻል። የአይቲውን ልጅ ጠርቼም የመጀመሪያዋ ቃሌ “እኔ ምንም አልነካሁም!” ናት። እህቴም እንደኔው ናት። ያንን ፍርሃት ለልጆቻችን እያወረስን ይሆን?

ካምብሪጅም እንደ እኛ ሰፈር

ነገሩን ሳጠና ያገኘሁት ታሪክ አስገረመኝ። ከእኛ ሳሎን ብዙ ርቆ፣ እንግሊዝ አገር በስመ ጥሩው ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ የኮምፒውተር መምህራን ተመሳሳይ ነገር አሳስቧቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ ኤበን አፕተን የተባለ ወጣት ምሁርና የሥራ ባልደረቦቹ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር የሚያመለክቱት ተማሪዎች ቁጥር ከዓመት ዓመት መቀነሱን አስተዋሉ። የሚመጡትም ቢሆኑ እንደ ቀድሞዎቹ አልነበሩም። ከአሥር ዓመት በፊት ካምብሪጅ የሚገባው ተማሪ ቤቱ ተቀምጦ በራሱ ጊዜ ፕሮግራም ሲጽፍ ያደገ ነበር። አዲሶቹ ግን ኮምፒውተር መጠቀም እንጂ ኮምፒውተሩን ማዘዝ አልለመዱም።

ምክንያቱን ሲፈልጉ ያገኙት እቤት ውስጥ ነው። በ1980ዎቹ የእንግሊዝ ልጆች ቢቢሲ ማይክሮ፣ ስፔክትረምና ኮሞዶር 64 የሚባሉ አነስተኛ ኮምፒውተሮች ነበሯቸው። በ1981 ለገበያ የቀረበው ቢቢሲ ማይክሮ ብቻ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። እነዚህ ማሽኖች ሲበሩ የሚያሳዩት ፊልምና ሥዕል አልነበረም፤ ትእዛዝ የሚጠብቅ ባዶ ስክሪን ነው። ልጁ አንድ ነገር ካልጻፈ ማሽኑ ምንም አይሠራም። ጽፎ ቢሳሳት ደግሞ አጥፍቶ ያበራዋል፤ እንደ አዲስ ይነሳል።

በኋላ ቦታቸውን የጌም ማጫወቻዎችና ለመላው ቤተሰብ የሚያገለግለው ውድ ኮምፒውተር ወሰዱት። በዚያ ኮምፒውተር ላይ አባት ሥራውን ይሠራል፣ እናት ሰነዷን ታስቀምጣለች። ልጅ ገብቶ ልሞክር ሲል “ተው!” ይባላል። ዳንቴል አልነበራቸውም እንጂ ነገሩ የእኛው ነው።

እነ አፕተን መፍትሔ ያሉት ቀላል ነበር፦ ዋጋው ከአንድ የመማሪያ መጽሐፍ ዋጋ ብዙ የማይርቅ፣ ልጁ የኔ የሚለው፣ ቢያበላሸው ቤት የማይታመስበት ኮምፒውተር መሥራት። በ2009 ራስበሪ ፓይ ፋውንዴሽን የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ። ራስበሪ የእንጆሪ ዓይነት ፍሬ ነው፤ አፕልን ጨምሮ ብዙ የኮምፒውተር ኩባንያዎች ስማቸውን ከፍራፍሬ ወስደዋልና ወጉን ተከትለው ነው። ፓይ የምትለዋ ደግሞ ፓይተን ከተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የመጣች ናት።

35 ዶላር

የመጀመሪያው ራስበሪ ፓይ ለሽያጭ የቀረበው ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 (እ.ኤ.አ.) ነው። እንደኛ ጳጉሜን 6 በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትል ቀን መሆኗ ነው። ዋጋው 35 ዶላር። ያዘጋጁት 10,000 ያህል ነበር፤ የሽያጩ ሰዓት ሲደርስ ግን የሁለቱም አከፋፋዮች ድረ ገጾች የገዢውን ብዛት መሸከም አቅቷቸው ወደቁ። በማርኬቲንግ ሙያ እንዲህ ያለ ቀን በሕልምም አይታይም።

ዕቃውን ላላየ ሰው ልግለጸው። መጠኑ የባንክ ኤቲኤም ካርድ ያህላል። ሽፋን የለውም፤ አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ቺፖችና መሰኪያዎች ተደርድረው ይታያሉ። ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ አብረውት አይመጡም፤ ካለዎት ቴሌቪዥንና ኪቦርድ ጋር ያገናኙታል። ሃርድ ዲስክም የለውም። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ ፕሮግራሞቹ፣ የልጁ ሥራ፣ ሁሉም ያለው ስልካችን ውስጥ በምናስገባት ዓይነት ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው።

ለወላጅ ትልቁ ቁም ነገር ይህቺ ካርድ ናት። ልጁ ሲስተሙን ቢያበላሸው የተበላሸው ካርዱ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ካርዷን አውጥቶ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ፣ በነፃ የሚገኘውን ሲስተም እንደገና መጻፍ ነው። ሰሌዳው አይነካም፤ ቴክኒሻን አይጠራም።

ከዚያ በኋላ ዋጋው የባሰ የወረደበትም ጊዜ ነበር። በ2015 መጨረሻ ራስበሪ ፓይ ዜሮ የተባለው 5 ዶላር ብቻ ሆኖ ወጣ። ከነጭራሹ “ማግፓይ” በተባለ መጽሔት ሽፋን ላይ ተለጥፎ ለአንባቢ በነፃ ታደለ። እስቲ አስቡት፤ ይህን መጽሔት ስትገዙ ሽፋኑ ላይ ኮምፒውተር ተለጥፎ ብታገኙ! በ2020 ደግሞ ኪቦርዱ ራሱ ኮምፒውተር የሆነው ራስበሪ ፓይ 400 በ70 ዶላር መጣ። እስከ 2024 ድረስ ከ60 ሚሊዮን በላይ ራስበሪ ፓይ ተሸጧል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይም አምራቹ ኩባንያ ለንደን የአክሲዮን ገበያ ገባ። ለልጆች ታስቦ የተሠራው ዕቃ ዛሬ ዋነኛ ገዢዎቹ ፋብሪካዎችና ኩባንያዎች ናቸው።

በትናንሾቹ በኩል ማይክሮቢት የሚባልም አለ። 4 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሰሌዳ ናት፤ 25 ጥቃቅን መብራቶች፣ ሁለት ቁልፎችና እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰር አሏት። ቢቢሲና አጋሮቹ በ2016 እስከ 1 ሚሊዮን ለሚደርሱ 11 እና 12 ዓመት ለሆናቸው የእንግሊዝ ተማሪዎች በነፃ አድለዋታል። ልጁ ፕሮግራሙን ኮምፒውተር ላይ ጽፎ ወደ ሰሌዳዋ ይልካል፤ መብራቱ በስሙ ፊደል ሲበራ ያያል።

ርካሽ መሆኑ ብቻ አያስተምርም

እዚህ ላይ ሙያዬን ልናዘዝ። እኔ ዕቃ እንዴት እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ለወላጅ የሚሸጥ ነገር ሁሉ ደግሞ ከጀርባው ፍርሃት አለው፦ “ልጅዎ ወደኋላ እንዳይቀር።” እኔም በሥራዬ እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገሮችን ጽፌያለሁ። ለዚህ ነው የእህቴን ልጅ ያስገባንበት ማሠልጠኛ ማስታወቂያ ሳያታልለኝ ማለፍ የነበረበት። ግን አታለለኝ።

“በሦስት ወር የራሷን አፕ ትሠራለች” ተብለን ከፈልን። ክፍሉ ውስጥ 20 ያህል ልጆችና ስድስት ኮምፒውተሮች ነበሩ። መጨረሻ ላይ ልጆቹ ጋዋን ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው፣ ሰርተፊኬት ይዘው ፎቶ ተነሱ፤ ፎቶው ዛሬም እህቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ አለ። “እስቲ የተማርሽውን አሳዪኝ” ስላት ያለችኝን አልረሳውም፦ “አክስቴ፣ ማውሱን የሚይዘው ቲቸር ነው እኮ።”

ስለዚህ ርካሽ ኮምፒውተር ገዝታችሁ ስጡ ብዬ ብቻ ብተወው ከዚያ ማሠልጠኛ አልሻልም። ዓለም ይህን በትልቁ ሞክሮታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር ለድሃ አገር ልጆች የሚሆን “የ100 ዶላር ላፕቶፕ” ሐሳብ ይዘው ተነሱ። ወደ ምርት ሲገባ ዋጋው ወደ 200 ዶላር ተጠጋ። እኛም አገር በሺዎች የሚቆጠሩት መጥተው ለተማሪዎች ታድለዋል። ከሁሉ በላይ የገዛችው ፔሩ ነበረች። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ባለሙያዎች በ319 የፔሩ የገጠር ትምህርት ቤቶች ያደረጉት ጥናት በ2012 ሲወጣ ግን ላፕቶፖቹ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አለማምጣታቸውን አሳየ። ልጆቹ ማሽኑን ለምደውታል፤ በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ መለኪያዎችም ጥቂት መሻሻል ታይቷል። የሒሳብና የቋንቋ ትምህርቱን ግን ማሽኑ ብቻውን አላሳደገውም።

በሌላ በኩል የወንጪና የወለንጪቲ ታሪክ አለ። የኔግሮፖንቴ ድርጅት በ2012 አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ የእነዚህ አካባቢዎች ልጆች፣ ከፀሐይ ኃይል መሙያ ጋር፣ ታብሌቶች ሰጥቶ ነበር። ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት በወራት ውስጥ ልጆቹ ተዘግቶ የመጣውን የታብሌቱን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ያስተማራቸው አልነበረም፤ አትንኩ ያላቸውም አልነበረም።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሚታየኝ እንዲህ ነው። “አትንካ” ያልተባለ ልጅ የማሽኑን ምስጢር ይፈታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ግን ብቻውን አይዘልቀውም፤ “ምን ሠራህ? እስቲ አሳየኝ” የሚል ሰው ያሻዋል።

እህቴ ሳሎን የሆነው

ለመስቀል ከዱባይ በሚመጣ የሥራ ባልደረባዬ ወንድም በኩል አንድ ራስበሪ ፓይ 4 አስመጣሁ። የሰሌዳው ዋጋ ከእህቴ ላፕቶፕ ዋጋ አንድ አሥረኛ አይሞላም። ኪቦርድና ማውስ ቢሮ ከተቀመጡ አሮጌዎች አስፈቅጄ ወሰድኩ። ስክሪኑ የሳሎኑ ቴሌቪዥን ሆነ። እህቴ “ቴሌቪዥኑን ታበላሽብኛለች” ብላ ግማሽ ቀን ተከራከረችኝ፤ ኬብል መሰካት ቴሌቪዥን እንደማያበላሽ ዲኤስቲቪዋን ምሳሌ አድርጌ አስረዳኋት።

የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነበር። ሲስተሙን ከኢንተርኔት አውርጄ ካርዱ ላይ ገለበጥኩትና ሰካሁት፤ ቀይ መብራት በራ፤ ሌላ ምንም የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ኬብል ስንነቅል ስንሰካ ቆየን። በመጨረሻ መመሪያውን ያነበበችው ልጅቷ ናት። “አክስቴ፣ ፎቶ እንደምንገለብጠው አይደለም። ካርዱ ላይ የሚጽፍ ለብቻው ፕሮግራም አለው።” እሷ ባለችው መንገድ ስንሞክረው ተነሳ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው ለእኔ ቢተረት ይገባኛል፤ ደስታዋን ሳይ ግን ምንም አልከፋኝም።

በስክራች ጀመረች። ስክራች በአሜሪካው ኤምአይቲ የተዘጋጀ፣ ከ2007 ጀምሮ በነፃ የሚገኝ የልጆች የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ትእዛዞቹ እንደ መጫወቻ ጡብ አንዱ ባንዱ ላይ እየተገጣጠሙ ይሠራሉ፤ ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየርም ይቻላል። ለሳምንታት ድመት ስታስሮጥ ከረመች። ከዚያ ወደ ፓይተን ተሻግራ ለታናሽ ወንድሟ የማባዣ ሰንጠረዥ የሚጠይቅ ፕሮግራም ጻፈች። ልክ ሲመልስ “ጎበዝ!” ይለዋል፤ ሲሳሳት “እንደገና ሞክር”። የማያውቃትን ሰባት ጊዜ ስምንትን ደጋግሞ እንዲጠይቀው ሆን ብላ አድርጋዋለች። ልጁ ነቅቶባት ተጣሉ።

ታዲያ ኅዳር ላይ ኮምፒውተሩ ሞተ። አንድ ቦታ ያየችውን ትእዛዝ ሳትረዳው ጽፋ ኖሯል፤ ሲስተሙ ድጋሚ አልነሳ አለ። እሑድ ምሳ ልበላ ስደርስ ልጅቷ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ እናቷን በስርቆት ታያለች። ፊቷ ላይ የሐምሌዋን ቅዳሜ አየኋት። እህቴ ከማድ ቤት ወጣች፤ ስክሪኑን አየች፤ እኔን አየች። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ “ምሳ እስኪቀርብ አስተካክሉት” ብላ ተመለሰች።

ካርዷን የእኔ ላፕቶፕ ላይ ሰካናት። መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ፕሮግራሙ አንድ ጥያቄ አቀረበ፦ “በዚህ ካርድ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ይቀጥል?” ልጅቷ እጇን ከማውሱ አነሳች። ጥያቄውን ጮክ ብላ አነበበች። የካርዱን ስምና መጠን ከእኔ ላፕቶፕ ዲስክ ጋር አስተያየች። “አክስቴ፣ ካርዱ ነው አይደል? ያንቺ አይደለም አይደል?” አለችኝ። አብረን አረጋገጥን። ከዚያ “እሺ”ን ተጫነች።

ለእኔ ሙሉው ወጪ በዚያች ቅጽበት ተመለሰ። ከሐምሌው ቁጣ በኋላ የተማረችው ኮምፒውተር መፍራት ነበር። ጥያቄውን አንብቦ መመለስን የተማረችው ራሷ ባበላሸችውና ራሷ ባስተካከለችው ማሽን ላይ ነው።

ርዕሱ “የማያስለቅስ” ቢልም እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን ትንሽ አልቅሳለች። የማባዣው ፕሮግራም ካርዱ ላይ ነበረና አብሮ ጠፋ። ሆኖም ያስለቀሳት የሠራችው ሥራ መጥፋቱ ነው፤ የተቆጣት ሰው አልነበረም። በሁለት ቀን ከቀድሞው አሳጥራና አሳምራ ጻፈችው። አሁን የሠራችውን ሁሉ ፍላሽ ላይ ታስቀምጣለች። እህቴም የመሥሪያ ቤቷን ፋይሎች ቅጂ ማስቀመጥ የጀመረችው ከእሷ አይታ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት

*ጠቅላላ ወጪውን ያስሉ።* 35 ዶላር የሰሌዳው የመነሻ ዋጋ ነበር፤ ዋጋው እንደ ሞዴሉና እንደ ሚሞሪው መጠን ይጨምራል። ካርድ፣ ቻርጀር፣ ኬብልና ሽፋን ሲታከልበት ሒሳቡ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ኪቦርድና ስክሪን ቤት ውስጥ ከሌለዎት ጥሩ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊረክስዎ ይችላል። ያንንም ቢሆን ገዝተው “ይህ የአንተ ነው፣ ብታበላሸውም ያንተ ነው” ካሉት ዓላማው ተሳክቷል።

*ለዕድሜው የሚሆነውን ይምረጡ።* ለ8 እና ለ9 ዓመት ልጅ ስክራችና ማይክሮቢት ይበቃሉ። ማይክሮቢት ብቻዋን ግን አትሠራም፤ ፕሮግራሙን የሚጽፉበት ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋታል። ከ11 ዓመት በላይ ለሆነና ኪቦርድ ለለመደ ልጅ ራስበሪ ፓይ የተሻለ ነው። ኬብልና ሰሌዳ መነካካት ለማይወድ ደግሞ ኪቦርድ መሳዩ ይመቻል።

*ቻርጀሩን አይናቁት።* ራስበሪ ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልት 3 አምፒር የሚሰጥ ቻርጀር ነው። በደካማ የስልክ ቻርጀር ሲሠራ ይንቀራፈፋል ወይም ራሱን ያጠፋል። የቴሌቪዥን ኬብሉም በሰሌዳው በኩል ያለው ጫፍ ከተለመደው ኤችዲኤምአይ ያነሰ ነው፤ ሲገዙ ይጠይቁ።

*መብራት ሲጠፋ።* እየሠራ ሳለ ድንገት ኃይል ቢቋረጥ ካርዱ ላይ ያለው ሊበላሽ ይችላል። ልጁ ሲጨርስ በሥርዓቱ እንዲያጠፋው ያስለምዱት። ሲስተም የተጫነበት ሁለተኛ ካርድ መሳቢያ ውስጥ ይኑር።

*ኢንተርኔት የግድ አይደለም።* ስክራችም ፓይተንም አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ኪዊክስ በተባለ ነፃ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን ጭምር አውርዶ ካርድ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። የሞባይል ዳታ ለሚቆጥብ ቤት ትልቅ ነገር ነው።

*እርስዎም ትንሽ ይማሩ።* በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ መርሐ ግብር በነፃ የሚሰጥ የኦንላይን ሥልጠና ነው። የእርስዎ ግብ ፕሮግራመር መሆን ላይሆን ይችላል፤ ልጅዎ የሚያወራውን መረዳት ግን ጥቅም አለው። ይህም ካልተመቸዎት በሳምንት አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጠው “ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?” ብለው ይጠይቁት። ለሚያስረዳው ሰው ሲል የሚማር ልጅ ብዙ ነው።

ከዳንቴሉ ሥር

የእህቴ ልጅ ነገ ፕሮግራመር ትሁን ሐኪም፣ ወይም እንደ እናቷ የሒሳብ ባለሙያ፣ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዋ እንዲወሰንባትም አልፈልግም። አሁን የማየው አንድ ነገር ነው፦ የማታውቀው ነገር ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል እጇ እንደ እኔ አይሸሽም። ጠጋ ብላ ታነባለች።

ለገና በዓል እናታችን እህቴ ቤት መጥታ ነበር። ቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠችውን ትንሿን ሰሌዳ ዞር ብላ አየቻት፤ አቧራ እንዳይነካት ብላ ከቦርሳዋ የእጅ ሥራዋን አወጣችና ነጭ ዳንቴል አለበሰቻት። ልጅቷ ፈገግ አለች። በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ አነሳችው፣ አጣጥፋም ለአያቷ መለሰችላት።

“እማማ፣ በጣም ያምራል። ግን እኮ ሲሸፈን ይሞቀዋል።”